በቀሪ እርጥበት ለሚዘራ ሽምብራ የሕያው ማዳበሪያ አጠቃቀም

በመረሬ፣ ማለትም ውኃ በሚይዝ ጥቁር ሸክላማ አፈር ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ የሚዘራ ሽምብራ ከዚያ በኋላ ዝናብ አይጠብቅም። አፈሩ በሐምሌና በነሐሴ የጠጣውን ውኃ እየሳበ ያድጋል፣ ያብባል፣ ያፈራል፤ ውኃው ሲያልቅ የእርሱም ዕድሜ ያበቃል። በአድአ፣ በበቾ፣ በምንጃርና በደንቢያ ሜዳዎች ለብዙ ትውልድ የኖረው አሠራር ይህ በመሆኑ፣ ድርቅ ለሽምብራ አልፎ አልፎ የሚመጣ እንግዳ ሳይሆን በየዓመቱ ከአበባ ወዲህ የሚገጥመው ፈተና ነው። ይህ መመሪያ በእንዲህ ያለ ማሳ ላይ ሕያው ማዳበሪያን፣ ማለትም በሥሩ ላይ እባጭ ሠርቶ ከአየር ናይትሮጅን የሚሰበስበውን ባክቴሪያ፣ እንዴት መጠቀም እንደሚገባ ያስረዳል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ሕያው ማዳበሪያ ውኃን የማይተካ መሆኑ ነው። ጥቅሙ የሚገኘው ባክቴሪያውና ሥሩ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ከተገናኙ ብቻ ነው። ስለ ዘር ቀን፣ ስለ ጥልቀት፣ ስለ ማዳበሪያው አያያዝና ስለ አለዋወሱ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከዚህ አንድ ነጥብ የሚነሣ ነው።

ባክቴሪያው የሚሠራው ሥራና ድርቅ የሚያሰናክልበት ቦታ

የሽምብራ ሥር ገና ለጋ ሳለ ወደ አፈሩ የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች አሉ፤ የራሱ ባክቴሪያ እነዚህን ለይቶ ያውቃቸዋል፣ ይጠጋል፣ በሥሩ ላይ ያለችውን ቀጭን ጠጉርም አጥፎ በእርሷ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ተክሉም በዚያ ቦታ ላይ እባጭ ይሠራለታል። ከዚያ በኋላ ተክሉ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይመግበዋል፣ ባክቴሪያው ደግሞ ናይትሮጅን ይከፍለዋል። ይህ ልውውጥ መኖሩን ሄርማን ሄልሪገልና ሄርማን ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን በሙከራ አረጋግጠው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1888 ሲሆን፣ የእኛ ገበሬ ግን ሽምብራ ወይም ባቄላ የነበረበት መሬት በቀጣዩ ዓመት ለጤፍና ለስንዴ እንደሚበጅ ከዚያ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ድርቅ ይህን ሥራ የሚያሰናክለው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው በመግቢያው ላይ ነው። ባክቴሪያ ወደ ሥሩ የሚጓዘው በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባለው ስስ የውኃ ሽፋን ላይ ነውና፣ አፈሩ ሲደርቅ ባለበት ይቀራል፤ የሥሩ ጠጉርም ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ለመግባት አይመችም። ሁለተኛው እባጩ ከተሠራ በኋላ የሚደርስ ነው። ተክሉ ሲጠማ ወደ እባጩ የሚሄደው ስኳርና ውኃ ይቀንሳል፣ የሚገባው ኦክስጅንም ያንሳል፤ ስለዚህ የናይትሮጅን ሥራው ቅጠሉ ጠውልጎ ከመታየቱ አስቀድሞ መዳከም ይጀምራል። ማሳውን በዓይኑ ብቻ የሚከታተል ሰው ይህን አያየውም።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። እባጩ ቀድሞ ተሠርቶ፣ ተክሉ እርጥበት ባለበት ጊዜ ናይትሮጅኑን ከሰበሰበ፣ በዚያ ብርታት ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። የሽምብራ ዋና ሥር ከ1 ሜትር በላይ የመውረድ አቅም አለው፤ በመረሬ አፈር ውስጥ ደግሞ የመጨረሻው ውኃ የሚቀመጠው ከታች ነው። በልጅነቱ የተራበ ተክል ግን ሥሩ ከላይኛው ንብርብር ሳይርቅ ያ ንብርብር ይደርቅበታል።

እባጭ ከመሥራት ውጭ ሥሩን በቀጥታ የሚረዱ ባክቴሪያዎችም አሉ። ተክል ሲጨነቅ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ ይህም ጋዝ ሲበዛ የሥሩን እድገት ይገታል። አንዳንድ የሱዶሞናስና የባሲለስ ባክቴሪያዎች፣ እባጭ ከሚሠሩት ከራይዞቢየም ወገንም የተወሰኑት፣ ኤሲሲ ዲአሚኔዝ በሚባል ኤንዛይም የጋዙን መነሻ ይበሉታል፤ በዚህም ሥሩ በጭንቀት ውስጥም ሆኖ ይረዝማል። ሌሎች ደግሞ ዙሪያቸውን የሚያጣብቅ ልጋግ ነገር አውጥተው አፈሩን በሥሩ ላይ ያያይዙታል፣ ውኃውንም ያቆዩታል። እነዚህን ከገበያ ለመግዛት ከመሮጥ በፊት በደንብ የበሰለ ኮምፖስት በማሳው ላይ መጨመር ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በዚያ ነውና።

ማሳው በእርግጥ ያስፈልገዋል ወይ?

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከፍተኛ የሽምብራ አምራች ናት፤ ሽምብራ ለረጅም ዘመን በተዘራበት መሬት ውስጥ ደግሞ የአገሩ ባክቴሪያ ይኖራል። የአገሩ ባክቴሪያ በብዛቱና በብርታቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ሕያው ማዳበሪያ በአንዱ ማሳ ላይ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ ሲያመጣ በጎረቤቱ ማሳ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ሽምብራ ጭራሽ ተዘርቶበት በማያውቅ ወይም ለብዙ ዓመታት ባረፈበት መሬት ላይ መጠቀሙ አያጠራጥርም። በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ሽምብራ በሚመላለስበት መሬት ላይ ግን መልሱን የሚሰጠው ራሱ ማሳው ነው።

ማሳውን ለመጠየቅ ሦስት ጠባብ መደቦችን ጎን ለጎን ማዘጋጀት ይበቃል። በአንዱ ላይ ምንም ያልነካው ዘር፣ በሁለተኛው በሕያው ማዳበሪያ የተለወሰ፣ ማለትም ዱቄቱ በላዩ የተለጠፈበት፣ ዘር ይዘሩ፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ያልተለወሰ ዘር ዘርተው ዩሪያ ይጨምሩበት። ያልተለወሰውን አስቀድሞ መዝራት ግድ ነው፤ የለወሰ እጅና ዕቃ ባክቴሪያውን ወደዚያ ወስዶ ንጽጽሩን ያበላሸዋልና። በአበባ ጊዜ ሦስቱ እኩል ከለመለሙ የአገሩ ባክቴሪያ በቂ ነው፣ ወጪ አያስፈልግም። ዩሪያ ያገኘው ብቻ ጠቁሮ ከለመለመ ማሳው ናይትሮጅን ተርቧል፣ ሁለቱም ባክቴሪያዎች ግን አልሠሩለትም ማለት ነው። የተለወሰው ከዩሪያው ጋር ከተካከለና ያልተለወሰው ቢጫ ሆኖ ከቀረ ማዳበሪያው ሙሉ ዋጋውን አውጥቷል።

ግዢና አያያዝ

ሕያው ማዳበሪያ በጅምላ ስም የሚገዛ ዕቃ አይደለም። የሽምብራው ባክቴሪያ ለባቄላ አይሠራም፤ የባቄላው ግን ለአተር፣ ለምስርና ለጓያ ሊያገለግል ይችላል፣ የአንድ ወገን ናቸውና። ቦሎቄ የራሱ አለው፣ አኩሪ አተር የራሱ አለው፣ አብሽ ደግሞ ከአልፋልፋ ጋር ይመደባል። ስለዚህ በፓኬቱ ላይ «ሽምብራ» ተብሎ መጻፉን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው። በአገር ውስጥ አዲስ አበባ የሚገኘው መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ ለተለያዩ ጥራጥሬዎች ያመርታል፤ ለሽምብራ ከሚውሉት አንዱ ኢኤኤል-029 በሚል መለያ ይታወቃል። የተለመደው መጠን ለአንድ ሄክታር 500 ግራም ሲሆን፣ ባለ 125 ግራሙ ፓኬት ለሩብ ሄክታር፣ ማለትም ለአንድ ጥማድ ገደማ ይሆናል። በፓኬቱ ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈ የተጻፈውን ይከተሉ።

የምርቱንና የማብቂያውን ቀን ያንብቡ። ከዚያም በላይ ዕቃው ቀኑ ሳያልፍ የት እንደ ከረመ ይጠይቁ፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሲሚንቶና ከፀረ ተባይ ጋር ተደርድሮ የከረመ ፓኬት ቀኑ ባያልፍም ውስጡ ሞቷል። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ከአንድ ሱቅ ገዝቼ በጥንቃቄ የለወስኩት ዘር ባልተለወሰው ላይ ምንም ብልጫ ሳያሳይ ቀርቷል፤ ኋላ ተመልሼ ሳየው ፓኬቶቹ የተደረደሩት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ነበር። ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ ቁጥሩ ያሳያል። ጥሩ ማዳበሪያ በ1 ግራም ውስጥ ቢያንስ 100 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ይይዛል። በ100 ፍሬ 12 ግራም የሚመዝን የአገር ሽምብራ ለአንድ ጥማድ በሚዘራው 25 ኪሎ ውስጥ 200 ሺህ ያህል ፍሬ ስላለው፣ ከ125 ግራሙ ፓኬት ለእያንዳንዷ ፍሬ 60 ሺህ ገደማ ይደርሳታል። ሙቀቱ ከመቶ አንዱን ብቻ ካስቀረ ግን ድርሻዋ 600 ይሆናል፣ ያም ከአገሩ ባክቴሪያ ጋር ተሽቀዳድሞ ቦታ አይዝም።

ቤት ከገባ በኋላ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ፣ ለምሳሌ በጭቃ ቤት ጥግ በውኃ ጋን አጠገብ፣ ማስቀመጥ ይበቃል። የተከፈተ ፓኬት በዚያው ቀን ማለቅ አለበት።

የመሬቱ ዝግጅትና የዘር ቀን

በመረሬ አፈር ላይ ገበሬው ዘሩን እስከ መስከረም አጋማሽ የሚያዘገየው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውኃ በተኛበት መሬት ላይ ሽምብራ ሥሩ ይበሰብሳል፣ አጠውልግ ይይዘዋል። ነገር ግን ከመዘግየቱ የተነሣ ተክሉ የሚበቅለው አፈሩ መሰነጣጠቅ በሚጀምርበት ወቅት ይሆናል፣ እባጩም በደረቀ ንብርብር ላይ ለመሠራት ይገደዳል። ከዚህ መውጫው ውኃውን ማንጣፈፍ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ሰዎች በእጃቸው ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጡት፣ በሌላ ቦታም ቢቢኤም የሚባለው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ የሚሠራው ይህንኑ ነው። መደቡ ከወጣ ሽምብራ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ መዘራት ይችላል፤ በዚህም የሚገኙት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ለባክቴሪያው ከማንኛውም ተጨማሪ ግብአት ይበልጣሉ። ውኃ የሚተኛበት መሬት ላይ ግን ቀድሞ መዝራት ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል፤ እባጩም አየር ካጣ አይሠራም።

ዘሩን መለወስ

ይህ ሥራ የሚሠራው በጥላ ሥር፣ በጠዋት ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ በዚያው ዕለት ለሚዘራው ዘር ብቻ ነው። 25 ኪሎ ዘር በንጹሕ ሸራ ወይም በሰፊ ሳፋ ላይ ያፍስሱ። ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ 50 ግራም ያህል ስኳር ያሟሙና ይቀዝቅዝ፤ ስኳሩ ዱቄቱን በዘሩ ላይ ያጣብቀዋል፣ ባክቴሪያውንም ከድርቀት ለጥቂት ሰዓት ይከልለዋል። የግራር ሙጫ ያለው ሰው በስኳሩ ፋንታ ሙጫውን አሟሙቶ ቢጠቀም ይበልጥ ይይዛል። ክሎሪን የበዛበት የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክዳኑን ከፍተው ሌሊቱን ያሳድሩት።

ስኳር ውኃውን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያፍስሱ። ትንሽ በትንሽ እያርከፈከፉ በሁለት እጅ ከሥር ወደ ላይ ያገላብጡ፤ የሚፈለገው ዘሩ ላዩ እንዲወዛ እንጂ ውኃ እንዲጠጣ አይደለም። ልጣጩ መሸብሸብ ከጀመረ ውኃው በዝቷል። ከዚያ ጥቁሩን ዱቄት እየነሰነሱ ያገላብጡ፣ እያንዳንዷ ፍሬ እንደ ተቆላ ቡና እስክትጠቁር ድረስ። በመዳፍዎ ጥቂት ፍሬ አንሥተው ይመልከቱ፤ ዱቄቱ ዘሩን ትቶ በእጅ ላይ ከቀረ ማጣበቂያው አንሷል ማለት ነው። የተለወሰው ዘር በጥላ ውስጥ ለሩብ ሰዓት ያህል ተበትኖ ይንጠፈጠፍ፣ በእርጥብ ጆንያም ተሸፍኖ ወደ ማሳው ይሂድ።

ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋር በአንድ ዕቃ መቀላቀል ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ በየራሳቸው ይያዙ። በፀረ ፈንገስ የታሸ ዘርም ከሆነ ባክቴሪያው በዘሩ ላይ ሳይሆን፣ ከዚህ በታች እንደሚገለጸው፣ በፈሩ ውስጥ መግባት አለበት።

መዝራት

በብተና ዘርቶ ኋላ በማረሻ ማልበስ የተለመደ ቢሆንም፣ ለተለወሰ ዘር አይስማማም፤ ዘሩ ፀሐይ ላይ ይቆያል፣ ጥልቀቱም የተዘበራረቀ ይሆናል። በመስመር እየዘሩ ወዲያው እግር በእግር ማልበስ ይሻላል። ጥልቀቱ ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ የላይኛው አፈር ከደረቀ እርጥቡ እስኪገኝ ድረስ እስከ 10 ሳንቲሜትር መውረድ ይቻላል፤ ሽምብራ ከዚያ ጥልቀት የመውጣት ብርታት አለው። ፈሩን ሲከፍቱ አፈሩን በእጅዎ ጨብጠው ይመልከቱ። ተጨብጦ ቅርጹን ከያዘ እርጥበቱ ይበቃል፤ ከተፈረፈረ ገና ነው።

ፎስፈረስ ከሌለ ባክቴሪያው አይሠራም። አንዲት የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመለወጥ ቢያንስ 16 የኃይል ሞለኪውሎች ይወጣሉ፣ እያንዳንዳቸውም በፎስፈረስ የተሠሩ ናቸው። ለአንድ ጥማድ 25 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ)፣ ከዘሩ ፈንጠር ብሎ በመስመሩ ጎን ቢገባ የሚበቃ ነው፤ በውስጡ ያለው 5 ኪሎ የማይሞላ ናይትሮጅንም ተክሉን እባጩ እስኪደርስ ያቆየዋል። ከላይ ከተባለው የሙከራ መደብ በቀር ዩሪያ አይጨምሩ። ናይትሮጅን በአፈሩ ውስጥ በተትረፈረፈ ጊዜ ተክሉ እባጭ መሥራቱን ይተዋል፤ በቅጠል የተንዠረገገ ሽምብራም ለፍሬ የሚያስፈልገውን ውኃ በኅዳር ጠጥቶ ይጨርሰዋል።

ዝናቡ ቀድሞ ከወጣና ላዩ ከደረቀ

በእንዲህ ያለ ዓመት በዘሩ ላይ የተለጠፈ ባክቴሪያ በደረቀው አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ሥሩ ግን ውኃውን ተከትሎ ወደ ታች ያመልጠዋል። ስለዚህ ባክቴሪያውን ከዘሩ በታች ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለአንድ ጥማድ አንዱን ፓኬት ሳይሆን ሁለቱን ወስደው፣ ከተነፋና እርጥበት ካለው ኮምፖስት ጋር በጥላ ሥር ያዋህዱ፤ ማረሻው በከፈተው ፈር ግርጌ ላይ በቀጭኑ እየነሰነሱ ትንሽ አፈር ያልብሱበት፣ ዘሩንም ከላዩ ይዝሩ። ድካሙ የታወቀ ነው፤ በሰፊ መሬት ላይ የሚሞከርም አይደለም። ላዩ በደረቀ አፈር ላይ ግን ከመለወስ ይበልጥ ያዋጣል።

ዘሩን ሌሊቱን ለ8 ሰዓት ያህል ነክሮ፣ ላዩን አድርቆ፣ ከዚያ ለውሶ መዝራትም ብቅለቱን ያፋጥናል፣ ሥሩም እርጥበቱ ሳይርቅ ይደርስበታል። ይህ የሚሆነው ግን በእርጥብ አፈር ውስጥ ለሚቀመጥ ዘር ብቻ ነው። የነከሩትን ዘር በደረቅ አፈር ላይ ከጣሉት ማቆጥቆጥ ጀምሮ ይሞታል።

ሥሩን ቆፍሮ ማየት

ከተዘራ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ አበባው ብቅ ሲል፣ ከማሳው የተለያዩ ቦታዎች አሥር ያህል ተክሎችን ያውጡ። ግንዱን ይዞ መጎተት ከንቱ ነው፤ መረሬ አፈር ሥሩን ይዞ ስለሚያስቀር የሚወጣው እርቃኑን የሆነ ግንድ ይሆናል። በዙሪያው አንድ ስንዝር ርቀው በአካፋ ከነአፈሩ ያንሡት፣ ባልዲ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያቆዩት፣ አፈሩ ራሱ እስኪለቅ ድረስ በቀስታ ያወዛውዙት።

ጥሩ የሽምብራ እባጭ እንደ ዝንጅብል ቅርንጫፍ ያወጣ፣ በዋናው ሥር አናት አካባቢ የተሰበሰበ ነው። አንዱን ቆንጥረው በጥፍርዎ ይሰንጥቁት። ውስጡ ቀይ ከሆነና ጥፍርዎን እንደ ደም ካቀለመው እየሠራ ነው፤ ቀለሙ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ዝምድና ያለው፣ ኦክስጅንን በመጠን የሚያቀብል ፕሮቲን ነው። ነጭ ከሆነ ወይ ገና ሕፃን ነው፣ ወይ ባክቴሪያው ሰነፍ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሥራውን አቁሟል። በጥቅምት አረንጓዴ እባጭ ማየት አፈሩ ከሚጠበቀው በፊት መድረቁን ይነግራል፤ ቅጠሉ ገና ባይጠወልግም።

በዚያ ጊዜ መሥራት የሚቻለው እርጥበቱን መቆጠብ ነው። አረም ከተክሉ ጋር በአንድ ውኃ ላይ ነውና ከአበባ በፊት ማሳው ሁለት ጊዜ ታርሞ መጽዳት አለበት። ሲያርሙም በመደቡ ላይ የተከፈተውን ስንጥቅ በመኮትኮቻ ከላይ ከላይ እየፈለፈሉ ይድፈኑት፤ ውኃው በስንጥቁ ይተናል፣ ስንጥቁም ሲሰፋ ሥሩን ይበጥሳል። ኩትኮታው ከ3 ሳንቲሜትር ሊጠልቅ አይገባም፣ እባጮቹ እዚያው ከሥር ናቸውና።

ሲታጨድም ሽምብራን ከነሥሩ መንቀል ቢለመድም፣ በማጭድ ከመሬቱ ጠጋ አድርጎ መቁረጥ ይሻላል። ከናይትሮጅኑ አብዛኛው በዚያ ጊዜ ወደ ፍሬው ገብቷል፤ የቀረው ሥርና እባጭ ግን በመሬቱ ውስጥ በስብሶ ለሚቀጥለው ጤፍ ይሆናል፣ ባክቴሪያውም ወደ አፈሩ ይመለሳል። ሽምብራው ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ወደዚያው መሬት ሲመለስ፣ አዲስ ፓኬት ከመግዛትዎ በፊት ሳይለወስ የሚዘራ አንድ መደብ ትተው ሥሩን በጥቅምት ቆፍረው ይመልከቱ።